አክተሩ ማን ነበር?



ባለፈው እትም አንድ ጓደኛችን፥ ተማሪው ጥናቱን ትቶ በየመኝታ ክፍሉ «በካራቴ ፊልም» ላይ ዐይኑን እየጨረሰ ነው ሲል ጽፎ ነበር። ጽሑፉንም «እነዚህ ፊልሞች ከርግጫ በቀር ምን ያስተምራሉ?» በሚል ጥያቄ ደመደመ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልስ ሊሰጠው ይገባል። እኔም ከተከሳሾቹ አንዱ ነኝና፥ ያየሁትን ለመመስከር ያህል ብዕሬን አነሣሁ።

ክሱን አልክድም። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ በ1983 እ.ኤ.አ. በሆንግ ኮንግ የቲ.ቪ.ቢ. ጣቢያ የተሠራውን «ንስር የጣሉ ጀግኖች ታሪክ» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ከአንደኛው እስከ 59ኛው ክፍል ድረስ አየሁ። ሲደመር ወደ 40 ሰዓት ይጠጋል። በ40 ሰዓት ውስጥ ስንት የሒሳብ ምዕራፍ ይጠና እንደ ነበር ጓደኛዬ ቢያሰላ አልቀየመውም። ነገር ግን ይህን ፊልም ሳየው ሁለተኛዬ ነው። በመጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሳለሁ፥ እዚሁ ቴፒ፥ በአንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ያን ጊዜ ያየሁትና አሁን ያየሁት አንድ ፊልም አይመስሉም። የምጽፈውም ስለዚሁ ልዩነት ነው።

ቪዲዮ ቤት ምን እንደ ሆነ ለዚህ አገር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። በጭቃ የተመረገ ቤት፥ በጥቁር ሸራ የተጋረደ መስኮት፥ ከአጣና የተሠራ አግዳሚ፥ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን፥ ውጭ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚጮኽ ጄኔሬተር ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት የልጅ ኪስ ከሳንቲም አይለይም፤ እሸት ቡና ለቅመን ያገኘናትን ጨብጠን ወደዚያው እንሮጥ ነበር። ዲስኩ የሚናገረው በቻይናዎች ቋንቋ ነው። ከሥሩ የሚያልፈውን ጽሑፍ ለማንበብ የሚበቃ ትምህርት ከመካከላችን ማንም አልነበረውም። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት፥ «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው ሰው፥ ከኋላችን ቆመው ይተረጕሙልን ነበር። እርሳቸውም ቋንቋውን አያውቁም። የተዋናዮቹን ፊት እያዩ፥ ቍጣውን ከቅንድብ፥ ፍቅሩን ከዝምታ እየገመቱ ነው የሚነግሩን። አንድም ቀን ግን «ይህን አላወቅሁትም» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

በርሳቸው ትርጉም ታሪኩ ቀላል ነበር። አክተሩ ሞንጎሎች ከናቱ ጋራ የማረኩት የቻይና ልጅ ነው። ሞንጎሎቹ አረመኔዎች ናቸው። እናቱንም በመጨረሻ እነርሱ ይገድሏታል። ልጁ አድጎ፥ ርግጫ ተምሮ፥ ደሟን ይመልሳል። አክተር ደግሞ እንደምታውቁት አይሞትም። እኛም እያጨበጨብን ወጥተን፥ ወደ ቤት የምንሄድበትን መንገድ በርግጫ ጨረስነው። ማን አክተር፥ ማን ሞንጎል ይሁን በሚለው ላይ ግን ዘወትር እንጣላ ነበር፤ ሞንጎል መሆን የሚወድ አልነበረምና።

አሁን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብሁ ሳየው ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ለማያውቁት ባጭሩ ልናገር።

በ1127 እ.ኤ.አ. የሰሜኑ የጂን መንግሥት ሠራዊት የቻይናን የሶንግ መንግሥት ዋና ከተማ ካይፈንግን ያዘ፤ አባትና ልጅ የነበሩትን ሁለት ንጉሠ ነገሥታትም ማርኮ ወሰደ። ዘመኑም «ጂንግካንግ» ይባል ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ብዙ ዓመት ቈይቶ ነው። ሁለት የሶንግ አገር ወዳጆች ሚስቶቻቸው እርጉዞች ሳሉ፥ አንድ የዳኦ መነኵሴ የሚወለዱትን ልጆች ከመወለዳቸው በፊት «ጂንግ» እና «ካንግ» ብሎ ይሰይማቸዋል። ይህም የአገራቸውን ውርደት እንዳይረሱ ነው። ከዚያ በኋላ ቤታቸው በጠላት ተንኰል ይፈርሳል። የአንዱ ሚስት ሊ ፒንግ ወደ ሰሜን ተንከራትታ ልጅዋን ጉዎ ጂንግን በሞንጎሎች ምድር ትወልደዋለች። የሌላውን ሚስት ደግሞ የጂን ልዑል ወደ ቤቱ ይወስዳታል፤ ልጅዋ ያንግ ካንግም የጠላት ልጅ መሆኑን ሳያውቅ በልዑል ቤት በሐር ላይ ያድጋል።

እንግዲህ ጋሼ «ማረኩት» ያሉን ልጅ አልተማረከም። ሞንጎሎቹ ለስደተኛዋ እናት ድንኳን ሰጧት፤ ልጁን ወተት አጠጡት፤ ፈረስ አስጋለቡት፤ ቀስትም አስተማሩት። ጀንጊስ ካን እንደ ልጁ ያየዋል፤ ሴት ልጁንም ያጭለታል። ፊልሙ ስሙን ያገኘው ልጁ በዚያ ሜዳ በአንድ ፍላጻ ሁለት ንስር በመጣሉ ነው። እናቱንም የገደላት የለም። ካኑ ጉዎ ጂንግን ጦር መርተህ የሶንግን አገር ውጋ ብሎ ባዘዘው ጊዜ፥ ልጅዋ በርሷ ምክንያት እንዳይታሰር ብላ ራሷን በጩቤ የገደለችው እርሷው ናት። ልጅ ሳለሁ ለበቀል ያጨበጨብሁለት ትዕይንት ይህ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ባየሁት ጊዜ አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ለምን ዝም እንዳልሁ ጠየቀኝ፤ ልመልስለት አልቻልሁም።

የዚህ ሁሉ ደራሲ በብዕር ስሙ ጂን ዮንግ የሚባለው ሰው ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. በቻይና ዠጂያንግ ክፍለ አገር ተወለደ፤ በ1948 ወደ ሆንግ ኮንግ ሄዶ በጋዜጠኝነት ኖረ። ይህን ልብ ወለድ ከ1957 እስከ 1959 በጋዜጣ ላይ በየቀኑ ቍራጭ ቍራጭ እያደረገ አወጣው። በዚያው በ1959 «ሚንግ ፓኦ» የተባለውን የራሱን ጋዜጣ አቋቋመ። በ1972 ልብ ወለድ መጻፉን አቆመ፤ በ2018 በ94 ዓመቱ ዐረፈ። ሥራዎቹ በታይዋን እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ታግደው ነበር። ርግጫ ብቻ የሆነ መጽሐፍ ይህን ያህል የሚያስፈራው መንግሥት ይኖራል ብዬ አላስብም።

ይህ ዓይነቱ ድርሰት በቻይናዎቹ አነጋገር «ዉሺያ» ይባላል። የክፍሌ ልጆች ስሙን በሰሙ ጊዜ ሳቃቸውን መግታት አልቻሉም፤ እስከ ዛሬም «ውሻህን አየህ ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። የቃሉ ትርጉም ግን የሚያስቅ አይደለም። «ዉ» የጦር ጥበብ ነው፤ «ሺያ» ደግሞ ለተበደለ የሚቆም፥ ቃሉን የማያጥፍ፥ ባለምግባር ሰው ማለት ነው። በቪዲዮ ቤታችን የተረጐሙልን የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ነበር። ሁለተኛው በጄኔሬተሩ ጩኸት ውስጥ ጠፍቶ ቀረ።

ፊልሙን ያለ መጠን እንዳላመሰግን የጎደለውንም ልናገር። የሞንጎሎች ሜዳ ተብሎ የሚታየው አብዛኛው ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ተራራውም ሥዕል መሆኑ ይታወቃል። ድንጋይ ሲወረወር ክብደት እንደሌለው ያስታውቃል። አንዳንዱ ፍልሚያ ከመርዘሙ የተነሣ እንቅልፍ ያመጣል። በ2003 እና በ2017 እ.ኤ.አ. በዋናው ቻይና እንደ ገና የተሠሩት እውነተኛ ሜዳና እውነተኛ ፈረስ አላቸው። ይሁን እንጂ የ1983ቱ እስከ ዛሬ የሚወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ፌሊክስ ዎንግ የተባለው ተዋናይ ጉዎ ጂንግን ሲጫወት፥ ቀስ ብሎ የሚገባው፥ አንዱን ነገር መቶ ጊዜ ደጋግሞ የሚማር፥ የማይዋሽ የገጠር ልጅ አድርጎ ነው። እኛ በማትሪክ ሰሞን ያየነው ተማሪ ይመስላል። ብልኋን ሁዋንግ ሮንግን የተጫወተችው ባርባራ ዩንግ ደግሞ ፊልሙ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፥ በ1985፥ በ26 ዓመቷ ሞተች። ተመልካቹ ከዚያ በኋላ ሌላ ሁዋንግ ሮንግን በሙሉ ልቡ አልተቀበለም ይባላል፤ ፊልሙን ያየ ሰው ለምን እንደ ሆነ ይገባዋል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄዬ ግን ስለ ታሪኩ ፍርድ ነው። ያንግ ካንግ እውነተኛ አባቱ ማን እንደ ሆነ ካወቀ በኋላ ወደ ልዑሉ ስለ ተመለሰ ከሃዲ ይባላል፤ በመጨረሻም በመርዝ ይሞታል። ይህን ሳይ እንዲህ ስል ራሴን ጠየቅሁ፦ 18 ዓመት ያሳደገን ሰው መውደድ ኀጢአት ነውን? እንዲህ ከሆነ ጉዎ ጂንግስ ሞንጎሎችን ለምን ወደደ? እንደሚመስለኝ የያንግ ካንግ በደል ያሳደገውን ሰው መውደዱ አይደለም። የወደደው ሐሩንና ማዕረጉን መሆኑ ነው፤ ለርሱም ሲል ሌላውን ሰው ሁሉ መሸጡ ነው። ጉዎ ጂንግም ከካኑ የተለየው ሞንጎል ባዕድ ስለ ሆነ አይደለም። ትእዛዙ ግፍ ስለ ሆነ ነው።

ለዚህም ማስረጃ አለኝ። በመጽሐፉ ውስጥ ሳማርካንድ የተባለችው ከተማ ስትያዝ፥ ካኑ ለጉዎ ጂንግ የፈለግኸውን ለምነኝ ይለዋል። ጉዎ ጂንግ የሚለምነው ነገር አስቀድሞ ነበረው፤ ሁዋንግ ሮንግን ያገባ ዘንድ ከካኑ ልጅ ጋራ የተደረገው እጮኝነት እንዲቀርለት ነው። ነገር ግን በከተማይቱ ሕዝብ ላይ የሚደርሰውን እልቂት ባየ ጊዜ፥ ያችን አንዲት ልመና ለሕዝቡ ሕይወት አዋላት፤ የራሱን ፍቅር ተወ። ልብ በሉ፤ የሳማርካንድ ሰዎች ቻይናዎች አይደሉም፤ ሞንጎሎችም አይደሉም። ቋንቋቸውን አያውቅም። ደም አያገናኛቸውም። እርሱ ግን እንደ ወገኖቹ አያቸው። በመጨረሻም ካኑ በ1227 እ.ኤ.አ. ከመሞቱ በፊት ስለ ግዛቱ ስፋት ሲመካ፥ ጉዎ ጂንግ ጀግና የሚባለው ብዙ የገደለ ሳይሆን ሕዝብን የጠቀመና ያፈቀረ ነው ብሎ ፊት ለፊት ይነግረዋል። ከታሪኩ ባሕርያት አንዱ የሆነው መነኵሴ ቺዩ ቹጂ በእውነተኛው ታሪክም የነበረ ሰው ነው፤ በ1222 ጀንጊስ ካን ዘንድ ደርሶ ግድያው እንዲቀንስ መክሯል።

ደራሲውም ቢሆን በዚህ ጥያቄ ላይ አላቆመም። ከ1963 ጀምሮ በጻፈው ሌላ ልብ ወለድ ውስጥ ጀግናው ቺያዎ ፌንግ በቻይናዎች መካከል አድጎ፥ በደሙ ግን ከጠላት ወገን ከኪታኖች ሆኖ ይገኛል፤ በሁለቱ መካከል ጦርነት እንዳይነሣ ሲል ራሱን ይገድላል። በመጨረሻው መጽሐፉ ደግሞ ዋናው ሰው አባቱ ከየትኛው ሕዝብ እንደ ሆነ እናቱ እንኳ ለይታ ልትነግረው አትችልም። ስለ ደም ጽፎ የጀመረ ሰው፥ ከ15 ዓመት በኋላ ደም ምንም አይፈርድም ብሎ ጨረሰ። ይህ በራሱ ትምህርት ነው።

አሁን ይህ ነገር እኛን ምን አገባን የሚል ይኖራል። ስለ ራሴ ልናገር።

አያቴ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው በሰፈራ ወደዚህ አገር ከመጡት አንዱ ናቸው። የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፉት አንዲት የሸኮ እናት በሰጧቸው ጎደሬ ነው። አበሳሰሉን ስለማያውቁ ጉሮሮአቸውን ባሳከካቸው ጊዜ፥ እኒያው እናት ተመልሰው መጥተው ከጉልቻው አጠገብ ተቀምጠው አሳዩዋቸው። እናቴ ሸኮኛ ከአማርኛ እኩል ትናገራለች። የዚህን አገር ቡና ለቅሜ ደብተር ገዝቻለሁ። እንግዲህ በዚያ ቪዲዮ ቤት ሞንጎል መሆን አልወድም ብዬ ስጣላ የነበርሁት እኔ፥ በሞንጎል ድንኳን ወተት ጠጥቶ ያደገው ልጅ ነበርሁ። የነገረኝ ግን አልነበረም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በመጋቢት 1994 ዓ.ም. በቴፒና በአካባቢው ስለ አስተዳደር በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞተዋል፤ ቤቶችም ተቃጥለዋል። እኔ ያን ጊዜ አልተወለድሁም፤ ነገር ግን ወላጆቻችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩት ሰምተን አድገናል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በብዙ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በብሔር ምክንያት ተማሪ በተማሪ ላይ ተነሣ፤ ሕይወት ጠፋ። ታላቅ እኅቴ በዚያ ዓመት ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤት ስትመለስ፥ ለሦስት ቀን ያህል ምንም አልተናገረችም። ባለፈው ዓመትም በመኝታ ክፍላችን አንድ ማታ ጭቅጭቅ ተነሥቶ፥ አንዱ ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ የየትኛው ወገን ነህ?» አለኝ። መልስ አላገኘሁም። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁና እስኪነጋ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ተቀመጥሁ።

ዛሬ ቢጠይቀኝ መልስ አለኝ። ወገኔ በሳማርካንድ ቅጥር ውስጥ ያለው ነው እለዋለሁ። ያ ማለት፥ ማንም ይሁን ማን፥ በዚያች ማታ በር ተዘግቶበት የሚፈራው ሰው ነው።

አንዳንዱ «ይህማ ተረት ነው፤ እኛ ያለንበት እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ የመሬትና የአስተዳደር፥ የቋንቋና የሥራ ጥያቄ ነው» ይል ይሆናል። ልክ ነው። ጥያቄዎቹ እውነተኞች ናቸው፤ በተረትም አይፈቱም። የሶንግ ሰዎች ውርደትም እውነተኛ ነበር፤ ልጆቹም ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ነው። ነገር ግን አንድ ስም የተካፈሉ ሁለት ልጆች ሁለት ሰዎች ሆኑ። በደል እውነት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ በበደል ስም ምን እናደርጋለን የሚለው ሌላ ነው። ይህን መለየት ካልቻልን፥ ቀኑን በሰሚናር ስለ ፍትሕ ተከራክረን ሌሊቱን በየመኝታ ክፍሉ በር እንቈጥራለን።

ጓደኛችን ያነሣውም ክስ ወደዚሁ ይመለሳል። ጥፋቱ ያለው ፊልም በማየታችን አይደለም፤ ርግጫውን ብቻ ተርጕመን በማየታችን ነው። ጋሼን አልወቅሳቸውም፤ ያለ ምንም መሣሪያ፥ በሁለት ዐይናቸው ብቻ፥ አንድ ከተማ ሕፃናት ሲያዝናኑ ኖረዋል። እኛ ግን የተማርን ነን እንላለን። ቋንቋ እናውቃለን፤ መጽሐፍ እናነባለን። የኛ ትርጉም ከርሳቸው ካልተሻለ ምን አደረግነው? እነሆ የማቀርበው አሳብ ሦስት ነው።

አንደኛ፤ ማኅበራችን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ አዳራሹን ያስፈቅድልን። አንድ ጥሩ የውጭ ፊልም ይታይ፤ ሁለት ተማሪዎች አስቀድመው አጥንተው በማይክሮፎን ይተርጕሙት፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ውይይት ይደረግበት። በየክፍሉ ለየብቻ የሚጠፋው 40 ሰዓት በአንድነት ቢጠፋ ፍሬ ይኖረዋል።

ሁለተኛ፤ ልብ ወለድን ወደ ሕዝብ ለማድረስ የግድ ስቱዲዮና የተቀባ ተራራ አያስፈልግም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ የነበረው መሣሪያ ድምፁ ብቻ ነው። መጽሐፉን አንብቦ የማያውቅ ሰው ጉዱ ካሣንና ፊታውራሪ መሸሻን እንደ ጎረቤቱ የሚያውቃቸው በዚያ ድምፅ ነው። ከኛ መካከል ድምፅ ያለው የለምን?

ሦስተኛ፤ ለዚህ ለቡናው አገር ገና ያልተተረከለት ታሪክ ሞልቷል። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. ተማርከው እስከ ሞቱበት እስከ 1919 ድረስ በግዞት ኖሩ። የማረኳቸውንም የጠበቋቸውንም ልብ የሚያይ፥ ማንንም አረመኔ የማያደርግ ልብ ወለድ ከመካከላችን ማን ይጽፈዋል? የሸኮ፥ የቤንች፥ የሸካ፥ የካፋና የማጃንግ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ተረት ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ በስልካችን ብንቀዳው፥ በሚመጣው ዓመት በዚችው ጋዜጣ ላይ በየክፍሉ ማውጣት እንችላለን። ጂን ዮንግም የጀመረው በጋዜጣ፥ በቀን አንድ ቍራጭ ነው።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ለመተርጐምም ሆነ ለመቅዳት የሚፈልግ ስሙንና የሚናገረውን ቋንቋ ይጻፍበት። የብሔር መጠየቂያ መስመር የለውም።